ቤቱ መድረክ የሆነበት ልጅ

የአንድ ዝነኛ ዘፋኝ ወይም ተዋናይ ልጅ በሱስ ተጠምዶ፣ ትምህርቱን አቋርጦ ወይም ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ሲሰማ፣ በደብረ ብርሃን ሻይ ቤትም ሆነ በመሐል ሜዳ ገበያ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ «ጥጋብ ነው» ይባልና ጨዋታው ወደ ሌላ ያልፋል። ፍርዱ ከክፋት የመጣ አይደለም። ለልጁ ደብተርና ጫማ ለመግዛት በግ የሚሸጥ ወላጅ፣ መኪናና የግል አስተማሪ የተሟላለት ልጅ ምን እንደ ጎደለው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የልጁ ጉድለት ምን እንደሆነ በደንብ የታወቀ ነገር ነው፤ በተለይም ዛሬ በየቤቱ ባለ ስልክ ምክንያት አንድ የአምስት ዓመት ሕፃን በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶ ሺህ ሰው ዘንድ ሊታወቅ ስለሚችል፣ የእነዚያ ሩቅ ቤተሰቦች ችግር ወደ እኛም ደጅ ተጠግቷል።

እንደ እኔ እምነት፣ በእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ ልጅን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ቤቱ ራሱ የሥራ ቦታ መሆኑ ነው። አባት አሠሪ፣ እናት ሥራ አስኪያጅ፣ አጎት ሾፌር፣ አክስት ልብስ አዘጋጅ በሆኑበት ቤት፣ ሁሉም ከአንድ ማዕድ የሚቆርሱ በመሆናቸው፣ ስለ ልጁ ብሎ «ይብቃው፣ ይረፍ» የሚል ሰው ይጠፋል። የሚከተሉት ታሪኮች የአሜሪካ ናቸው፤ ዓመቶቻቸውንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ሞሪስ ባሪሞርና ባለቤቱ ጆርጂያና ድሩ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታወቁ የቲያትር ተዋንያን ነበሩ። ሦስቱ ልጆቻቸው ላዮኔል፣ ኤተልና ጆን በመድረክም በፊልምም ስማቸው ገነነ፤ ላዮኔልና ኤተል የኦስካር ሽልማት አግኝተዋል። ጆን ከዘመኑ ታላላቅ ተዋንያን አንዱ ተብሎ ሲቆጠር ኖሮ፣ ለብዙ ዓመታት የጠጣው መጠጥ አካሉንም የማስታወስ ችሎታውንም አድክሞት በ1942 ሞተ። ሴት ልጁ ዳያና ከመጠጥ ጋር ያደረገችውን ትግል በመጽሐፍ ተርካ በ1960 በ38 ዓመቷ አረፈች፤ ወንድ ልጁ ጆን ድሩም ተዋናይ ሆኖ ጀምሮ በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ሥራው ተበላሸበት። የእርሱ ልጅ ድሩ ባሪሞር በ1975 ተወለደች፤ ዓመት ሳይሞላት በውሻ ምግብ ማስታወቂያ ላይ ታየች፤ በ1982፣ በሰባት ዓመቷ፣ ዓለም ሁሉ በተመለከተው ፊልም ዝነኛ ሆነች። አባቷ ከቤት የራቀ ሰው ነበር፤ ሥራ አስኪያጇ የሆነችው እናቷ ደግሞ ድሩ ገና ልጅ ሳለች ወደ ምሽት ጭፈራ ቤቶች ይዛት ትገባ ነበር። በ13 ዓመቷ ወደ ማገገሚያ ገባች፤ በ14 ዓመቷ ፍርድ ቤት ከወላጆቿ ሥልጣን ነጻ አድርጓት ለብቻዋ መኖር ጀመረች።

ይህን የሰማ ሰው «የዘር ነው» ቢል ከፊል እውነት አለው። በመንታ ልጆችና በማደጎ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ለመጠጥ ሱስ የሚኖረው ተጋላጭነት ግማሽ ያህሉ ከወላጅ በሚወረስ ነገር ሊገለጽ ይችላል። የተቀረው ግማሽ የኑሮ ነው፤ ደግሞም የተወረሰው ተጋላጭነት መጠጡ በእጅ ካልገባ ብቻውን ሱስ አይሆንም። 15 ዓመት ሳይሞላቸው መጠጣት የሚጀምሩ ልጆች፣ ለአካለ መጠን ደርሰው ከሚጀምሩት ይልቅ በኋላ በሱስ የመያዝ ዕድላቸው እጅግ ከፍ ያለ መሆኑም የታወቀ ነው። ስለዚህ አያቷም አባቷም በመጠጥ የተጎዱባት ልጅ፣ ከሌሎች ልጆች ሁሉ በላይ ከብርጭቆ ልትርቅ ሲገባት፣ ሥራዋ ግን ብርጭቆ ወደማይጠፋበት የአዋቂዎች ግብዣ ይወስዳታል። ተጋላጭነቱ ከቤተሰቧ መጣ፤ መጠጡንም ያቀረበላት ያው የቤተሰቡ ሙያ ሆነ።

የኑሮውን ድርሻ በቁጥር ለማየት የረዳ አንድ ትልቅ ጥናት በ1998 በአሜሪካ ታትሟል። ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በሺዎች የሚቆጠሩ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠየቁ፤ ድብደባና ስድብ፣ በቤት ውስጥ የነበረ ሱሰኛ ወይም የአእምሮ ሕመምተኛ፣ የእናት መደብደብ፣ የቤተሰብ ሰው መታሰርና የመሳሰሉትን ቆጠሩ። ከእነዚህ አራትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ሰዎች፣ ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በመጠጥና በዕፅ ሱስ፣ በድባቴና ራስን ለማጥፋት በመሞከር ከ4 እስከ 12 እጥፍ የሚደርስ ከፍ ያለ አደጋ ታየባቸው። ለእኛ ጉዳይ ትልቁ ቁም ነገር፣ ከተጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ተምረው፣ ሥራ ይዘውና የጤና መድን ኖሯቸው የሚኖሩ ሰዎች መሆናቸው ነው። የወላጅ ሀብት የልጁን ማጀት ሊሞላ ይችላል፤ ሌሊት በጩኸት ከእንቅልፍ የሚነቃ ልጅ ሰውነት ግን በሀብታም ቤትም በድሃ ቤትም ያው ይደነግጣል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ከሁሉ የሚያስተምረው የጃኪ ኩገን ታሪክ ነው። አባቱ የመድረክ ተወዛዋዥና ተዋናይ ነበር፤ ልጁ በ1914 ተወልዶ በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር በሠራው ፊልም የዓለም ዝነኛ ሆነ፤ በልጅነቱም ከሦስት እስከ አራት ሚሊዮን ዶላር እንዳገኘ ይገመታል። በ1935 አባቱ በመኪና አደጋ ሞተ፤ በዚያው ዓመት ጃኪ 21 ዓመት ሞልቶት ገንዘቡን ሲጠይቅ፣ እናቱና የእንጀራ አባቱ የሕፃን ልጅ ገቢ የወላጅ ነው አሉት። በዚያን ጊዜ የነበረው የካሊፎርኒያ ሕግም ከእነርሱ ጋር ነበር። በ1938 እናቱን ከሰሰ፤ በመጨረሻ እጁ የገባው 126,000 ዶላር ያህል ብቻ ነበር። በጉዳዩ ብዙ ሰው ስላዘነ ካሊፎርኒያ በ1939 በስሙ የሚጠራ ሕግ አወጣች፤ ሕጉ በ2000 ተሻሽሎ ከልጁ ገቢ 15 በመቶው ለአካለ መጠን እስኪደርስ በማይነካ ሂሳብ እንዲቀመጥ ያስገድዳል።

ሕጉ ገንዘቡን በከፊል ጠብቋል፤ ገንዘቡ በቤት ውስጥ ያለውን ሥርዓት እንዳያናጋ ግን ሊጠብቅ አልቻለም። የቤት ኪራይ የሚከፍል የአሥር ዓመት ልጅ «ተኛ» ቢሉት ለመታዘዝ የሚያስገድደው ምን አለ? ታሞ መሥራት አልችልም ቢልስ ማን ይሰማዋል? ሊቆጣው የሚገባው ሰው ይፈራዋል፤ የሚያሳርፈው ሰው ይከስራል። በዚህም ልጁ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ያጣል፤ ከልካይ ያጣል፣ አሳራፊም ያጣል። ከሩቅ ሆነን «ጥጋብ» የምንለው ጠባይ ብዙውን ጊዜ የዚህ ከልካይ ማጣት ውጤት ነው። ልጅ ከልካይ የሌለው መሆኑን ቶሎ ይረዳል፤ የሚረዳውም በደስታ ሳይሆን በፍርሃት ነው፤ ምክንያቱም ቤቱን የተሸከመው እርሱ ከሆነ እርሱን የሚሸከመው ማን እንደሆነ አያውቅም።

ዘፋኝና ተዋናይት ጁዲ ጋርላንድ በ1922 ስትወለድ ወላጆቿ የመድረክ ሰዎችና የቲያትር ቤት ባለቤቶች ነበሩ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ከእህቶቿ ጋር መድረክ ላይ ቆመች። በጉርምስናዋ የፊልም ድርጅት ሠራተኛ ሆና ሳለች ውፍረት ለመቀነስና ነቅቶ ለመሥራት የሚያነቃቃ ክኒን፣ ለመተኛት ደግሞ ሌላ ክኒን ትወስድ ነበር፤ ያ ልማድ እስከ ሕይወቷ ፍጻሜ ተከተላት፤ በ1969 በ47 ዓመቷ ለንደን ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ከልክ በላይ ወስዳ ሞተች። ልጇ ላይዛ ሚኔሊም ታላቅ አርቲስት ሆና በተራዋ ከሱስ ጋር ታግላለች፤ በ1984 ሕክምና ገብታ ስለ ሕመሟ በአደባባይ ተናግራለች። ማይክል ጃክሰን ደግሞ ዘጠኝ ልጆች ባደጉበት፣ ሁለት መኝታ ክፍል ብቻ በነበረው የጋሪ ከተማ ቤት ውስጥ ያደገ፣ አባቱ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ ልጅ ነው። በ1969 የወንድማማቾቹ ቡድን የመጀመሪያ ትልቅ ዘፈን ሲወጣ ዕድሜው 11 ነበር። በ1993 በቴሌቪዥን በሰጠው ቃለ መጠይቅ አባቱ ይመታው እንደነበር፣ በልጅነቱ ከብቸኝነት የተነሣ ያለቅስ እንደነበር ተናግሯል። በመሥሪያ ቦታቸው አጠገብ በነበረ መናፈሻ ልጆች ሲጫወቱ እየሰማ እርሱ ዘፈን ለመቅዳት ይገባ እንደነበርም አስታውሷል። ለዚያ ልጅ አባትና አለቃ አንድ ሰው ነበሩ። በሥራ የሚሠራ ስሕተት በቤት ይቀጣ ነበር፤ ሌላ ሠራተኛ ከክፉ አለቃ ሸሽቶ የሚገባበት ቤት ሲኖረው፣ እርሱ ወደ ቤት ሲገባ ያንኑ አለቃ ያገኘው ነበር።

መድረክ ላይ ያልወጡ ልጆችም አይተርፉም። የዝነኛዋ ዘፋኝ የዊትኒ ሂውስተን ልጅ ቦቢ ክሪስቲና አያቷ ሲሲ ሂውስተን የመንፈሳዊ መዝሙር ድምፃዊት፣ አባቷም ታዋቂ ዘፋኝ ነበሩ። ሕፃን ሳለች የወላጆቿ የትዳር ጠብና ሱስ የዓለም ጋዜጣ ወሬ ነበር፤ የቤታቸውም ኑሮ እየተቀረጸ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። እናቷ በየካቲት 2012 በሆቴል መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሞተች። ልጅቱ በጥር 2015 በቤቷ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ራሷን ስታ ተገኝታ፣ በሐምሌ ወር በ22 ዓመቷ አረፈች። እኛ አገር ሐዘን ሲደርስ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛ ያስተዛዝናል፤ ሐዘንተኛው ቢያለቅስም ቢዘጋም የሚያየው የሚያውቀው ሰው ነው። የዝነኛ ልጅ ግን እናቱን ሲቀብር የሚያየው የማያውቀው ሕዝብ ነው፤ እንባውም ዜና ይሆናል። እኔን ከዚህ ሁሉ ታሪክ አብልጦ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

የትርዒት ቤተሰብ በሰሜን ሸዋ አዲስ ነገር አይደለም። የአዝማሪ ልጅ ማሲንቆ የሚማረው ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ነው፤ ቅኝቱን በጆሮው ይይዛል፣ ግጥም ሲቀበል ይለምዳል፣ በጥር ሠርግ ከድግስ ድግስ አብሮ ይዞራል። ይህ በራሱ ጉዳት ሳይሆን ታላቅ ትምህርት ነው፤ ልጅ የወላጁን ሙያ መውረሱ በገበሬውም በሸማኔውም ቤት ያለ ነው። የሚለየው ቦታው ነው። የገበሬ ልጅ ማታ ከአባቱ ጋር ወደ ቤት ይገባል፤ የአዝማሪ ልጅ ሥራ የሚጀምረው ግን ሌሎች ልጆች በሚተኙበት ሰዓት፣ ጠጅና አረቄ በሚቀዳበት ቤት ነው። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ደግሞ ትናንት ማታ በአባቱ ዜማ ሲደሰቱ ያመሹ ሰዎች ልጆች «የአዝማሪ ልጅ» እያሉ ይሰድቡታል። ሙያውን መውደድና ባለሙያውን መናቅ የእኛ የቆየ ጥፋት ነው፤ ሕፃናት ከዚህ ጥፋት ትልቁን ድርሻ ይሸከማሉ።

ላሊበላ እየተባሉ የሚጠሩት፣ ጎህ ሳይቀድ በየደጁ ቆመው የባለቤቱን ስም እያነሡ የሚያዜሙት ሰዎችም ድምፃቸውን ከወላጅ ወደ ልጅ ያወርሳሉ። ከዘሩ ተወልዶ ማዜሙን የተወ በሥጋ ደዌ ይመታል የሚል እምነትም አብሮ ይወረሳል። የሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣና በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ነገር ግን እምነቱ በአንድ ልጅ ላይ የሚጥለውን ሸክም ማሰብ ያስፈልጋል። አንድን ሥራ መተው መቅሠፍት ያመጣል ተብሎ ያደገ ልጅና፣ አንድን ፊልም እንቢ ቢል ቤተሰቡ ጎዳና እንደሚወጣ እየተነገረው ያደገ የሆሊውድ ልጅ በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም የያዙትን መተው አይችሉም። ስለዚህ አንድ የትርዒት ቤት ለልጁ ትምህርት ቤት ይሁን ወይም እስር ቤት ለመለየት፣ ልጁ ለአንድ ወር አልሠራም ቢል ምን ይደርስበታል ብሎ መጠየቅ በቂ ነው።

በስልክ የሚቀረጹ ሕፃናት ጉዳይ በዚሁ መለኪያ መታየት አለበት። ልጁ የሚያስቅ ነገር ሲናገር መቅረጽና ለዘመድ መላክ የቤት ደስታ ነው። ሳምንታዊ ቪዲዮ መውጣት አለበት ተብሎ ልጁ ከጨዋታ ሲጠራ፣ አረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ እንዲደግም ሲታዘዝ፣ በትክክል ካላለቀሰ ሲቆጡት ግን ሥራ ሆኗል። ከሁሉ የከፋው ልጁ ሲቀጣ፣ ሲያፍር ወይም ሲያዝን የሚቀረጸው ነው፤ ያ ምስል ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላውም በክፍል ጓደኞቹ ስልክ ላይ ይኖራልና። ቲክቶክም ሆነ ዩቲዩብ ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በራሱ ስም አካውንት እንዲከፍት አይፈቅዱም፤ ወላጅ በራሱ ስም ከፍቶ ልጁን ሲያሳይ ግን የሚከለክለው የለም።

የእኛ ሕግ መሠረቱ አለው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት ጉልበታቸውን ከሚበዘብዝ ልማድና ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን ከሚጎዳ ሥራ የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ማሠራት አይፈቅድም። ነገር ግን አዋጁ የተጻፈው ለአሠሪና ለሠራተኛ ነው፤ እናት ልጇን በሳሎኗ ስትቀርጽ ሠራተኛ ቀጠረች የሚል ተቆጣጣሪ አይመጣም። ሌሎች አገሮች ይህን ክፍተት መሙላት ጀምረዋል። ፈረንሳይ በ2020 ባወጣችው ሕግ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ የቪዲዮ ልጆች ገቢ ተጠብቆ እንዲቀመጥና ልጁ ራሱ ምስሉ እንዲጠፋ የመጠየቅ መብት እንዲኖረው አድርጋለች፤ የአሜሪካዋ የኢሊኖይ ግዛት ደግሞ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በወላጆቻቸው ቪዲዮ በብዛት የሚታዩ ልጆች የገቢው ተካፋይ እንዲሆኑ ደንግጋለች።

ሕግ እስኪመጣ የሚጠብቅ ልጅ ግን ያድጋል። በሃዋይ ካዋይ ደሴት ኤሚ ቨርነርና ባልደረቦቿ በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርት ዓመታት ተከታትለዋል። በድህነት፣ በወላጅ ሱስና በቤት ውስጥ ጠብ መካከል ካደጉት ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጤናማና ብቁ አዋቂዎች ሆኑ፤ እነዚህ ልጆች ከሚጋሯቸው ነገሮች አንዱ ከወላጆቻቸው ሌላ የሚወዳቸውና የሚያምኑት አዋቂ፣ አያት ወይም አስተማሪ ወይም ጎረቤት፣ የነበራቸው መሆኑ ነው። ድሩ ባሪሞርም ታዋቂ ያደረጋትን ፊልም ያዘጋጀው ስቲቨን ስፒልበርግ የክርስትና አባቷ ሆኖላታል፤ እርሷም ከዚያ ሁሉ ወጥታ የራሷን የፊልም ድርጅት መሥርታለች።

የክርስትና አባትና የክርስትና እናት በእኛ ዘንድ የቆየ ሥርዓት ነው፤ እንዲያውም ለዚህ ዓይነቱ ችግር የተሠራ ይመስለኛል። የክርስትና እናት ከልጁ ገቢ አትበላም፤ ወላጆቹን የመገሠጽ ፈቃድ ግን አላት። «እትዬ፣ ልጁ ደክሞታል፤ ይህን ሳምንት ይረፍ» ብትል ወላጅ ይሰማታል። የነፍስ አባትም፣ የትምህርት ቤት መምህርም፣ አጎትም ይህን ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ ከልጁ ዝና የሚያገኘው ጥቅም ከሌለ ማለት ነው። ልጁን በመድረክ ስሙ ሳይሆን በቤት ስሙ የሚጠራ፣ ስለ ቪዲዮው ሳይጠይቅ ስለ እግር ኳሱ የሚጠይቅ አንድ ሰው ያስፈልገዋል።

ወላጆች ሊያደርጉት የሚችሉትም አለ። ከልጁ የሚገኘውን ገቢ ከቤት ወጪ ለይቶ በልጁ ስም በባንክ ማስቀመጥ፣ የቤቱን አስቤዛና ኪራይ በሌላ ገቢ መሸፈን ይገባል፤ ይህ ሳይሆን ሲቀር ልጁን ለማሳረፍ የሚፈልግ ወላጅ እንኳ አቅም ያጣል። በቤት ውስጥ ካሜራ ጨርሶ የማይገባበት ክፍልና ሰዓት መኖር አለበት፤ ልጁ «ይህን አጥፉልኝ» ሲል ምክንያቱን ሳይጠየቅ ሊጠፋለት ይገባል።

ችግሩ የጀመረ እንደሆነ የሚታዩ ምልክቶች አሉ። እንቅልፍ ማጣት፣ ቀድሞ ይወደው የነበረውን ጨዋታ መተው፣ ካሜራ ሲከፈት ደስተኛ ሆኖ ሲዘጋ ጭልጥ ብሎ መደበት፣ የተመልካች ቁጥር ሲቀንስ ራሱን መጥላት፣ መጠጥ ወይም ጫት በድብቅ መጀመር ከእነዚህ ይቆጠራሉ። እነዚህ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ከቆዩ ሥራውን ማቆምና ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። መሞትን የሚያነሣ ልጅ ግን አንድ ቀንም ሊጠበቅበት አይገባም፤ ብቻውን ሳይተዉት፣ ገመድና መርዝ ከአጠገቡ አርቀው፣ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ሊወስዱት ይገባል። ጠበልና ጸሎት የሚፈልግ ቤተሰብ ሁለቱን አብሮ ቢይዝ የሚቃረን ነገር የለውም፤ የታዘዘ መድኃኒት ካለ ግን ሐኪሙ ሳያውቅ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ልጁ በሕክምና ላይ ሳለ ስለ ሕመሙ በቪዲዮ መግለጫ መስጠት፣ ለአድናቂዎች ለማስረዳት ተብሎም ቢሆን፣ አይገባም። ምን እንደሚነገርና ለማን እንደሚነገር ልጁ አድጎ ራሱ ይወስናል።